የአውሬው አንዲት ቃል

አውሬው በየጠዋቱ ይጮኻል፤ ሥራው ነው። የትርጉም ፊልም በሚሠራበት ስቱዲዮ ውስጥ ሌሎቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ እሱ ቀረጻ ክፍል ይገባና ጭንቅላቱን ባዶ ባልዲ ውስጥ ቀብሮ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ ያገሳል። ባልዲው የራሱ ፈጠራ ነው። ድምፁ ፕላስቲኩን መትቶ ሲመለስ ይወፍራል፣ ይረጥባል፣ ከባሕር የወጣ ነገር ይመስላል። ማይኩ የሚገባው በባልዲው ቂጥ ላይ በተበሳ ቀዳዳ ነው። በመስታወቱ ወዲያ ሆኖ ለሚያየው እንግዳ፣ አንድ ሙሉ ሰው ከባልዲ ጋር ተጣልቶ ገላጋይ ያጣ ነው የሚመስለው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። በሬዲዮ ድራማ አባት፣ ዳኛና ጄኔራል እየሆነ የኖረ፣ ሱቅ ገብቶ ሳሙና ሲጠይቅ ሰው ዞር ብሎ የሚያየው ባለ ድምፅ ነበር። «የጨው ግንብ» የሚባለው አኒሜ፣ የጃፓን የሥዕል ፊልም፣ መጣና ቦርጉን የተባለውን ግዙፍ ጭራቅ ሰጡት፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ አውሬው ሆነ። ቦርጉን ከባሕር ይወጣል፣ ከተማ ያፈርሳል፣ ይጮኻል፣ ይመለሳል። አንድም ቃል አይተነፍስም። ስለዚህ ለእሱ የሚሰጠው ጽሑፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ «ይጮኻል፣ ረጅም»፤ «ይጮኻል፣ ቆስሎ»፤ «ይጮኻል፣ ወደ ውሃ እየገባ»። ምስሉን ያለ ድምፅ ያያል፣ ይጮኻል፣ ጉሮሮውን በሞቀ ውሃ አጥቦ ይወጣል። ታሪኩ ምን እንደሆነ ጠይቆም አያውቅም። ጭራቅ ጭራቅ ነው፤ ምን ታሪክ አለው? ይል ነበር።

ታሪክስ ነበረው። እንዲያውም ችግሩ ታሪኩ መብዛቱ ነው። «የጨው ግንብ» ውስጥ አራት ዓለም አለ። በአራቱም ዓለም ያው ሰዎች ይኖራሉ፣ ግን በአንደኛው የሞተው በሦስተኛው አግብቶ ይገኛል። ጭራቆቹ ደግሞ ጭራቅ አይደሉም፤ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው በበር ሲሾልኩ ሰውነታቸው ያበጠባቸው ሰዎች ናቸው። መሃል ላይ ጊዜው ወደ ኋላ መሄድ ይጀምርና ልጅ ከእናቷ ትበልጣለች። ይህን የጻፈው ሰው ራሱ ተመልሶ ቢያነበው ይጠፋበታል።

ሚስቱ ግን አልጠፋባትም። ዋናዋን ሴት፣ ሚሩን፣ የምትጫወተው እሷ ናት። ሚሩ ከብረት የተሠራ ግዙፍ ሮቦት ውስጥ ገብታ ጭራቆችን የምትዋጋ አብራሪ ናት። ሮቦቱ ደግሞ ሁለት አብራሪ ካልገባበት አይንቀሳቀስም፤ አንዱ ሚሩ፣ ሌላው ካዶ የሚባል ጠጉሩ ዓይኑን የሸፈነው ወጣት ነው። ካዶን ለመጫወት አዲስ ሰው ተቀጠረ። ድምፁ ከጉሮሮ ሳይሆን ከጥጥ ውስጥ የሚወጣ የሚመስል፣ ሰላምታው ሁሉ ምስጋና የሆነ፣ በር ከፍቶ ሌላውን የሚያሳልፍ ሰው ነው። አውሬው በልቡ «ለስላሳው» አለው። ከልቡ አልፎ ከአፉም አምልጦት ያውቃል።

ሌላው ተዋናይ ሁሉ ለየብቻው ነው የሚቀዳው። ሚሩና ካዶ ግን አንድ ብረት ስለሚነዱ ትንፋሻቸው አንድ መሆን አለበት ብላ ዳይሬክተሯ ሁለቱን አንድ ክፍል አስገባቻቸው። ከቀረጻ በፊት ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ እኩል ይስባሉ፣ እኩል ያስወጣሉ። አውሬው አንድ ቀን በመስታወቱ አይቷል። ሚስቱ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ትከሻዋ ከሰውየው ትከሻ ጋር እኩል ከፍ ይላል፣ እኩል ዝቅ ይላል። ከእሱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ እንኳ እሷ ስትስብ እሱ እያስወጣ ነው የኖሩት።

ቅናት ነበር። ሌላ ስም አልነበረውም። ሰውየው ሚስቱን በክፉ ዓይን አላያትም፤ እሷም ቤቷን የምታውቅ ሴት ናት፤ ይህን አውሬው ራሱ ቢያስምሉት ይመሰክራል። አንጀቱን ያሳረረው ሌላ ነገር ነው። ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ስልኳ ይጠራል፤ ለስላሳው ነው።

«አይ አይ፣ እሷ እኮ የሁለተኛው ዓለም ሚሩ ናት!» ትላለች ሚስቱ ሹካዋን አስቀምጣ። «በሩ ከመከፈቱ በፊት ማለትህ ነው? ኧረ ተው! ታዲያ ግንቡ ላይ ያለቀሰችው ማን ናት?»

ትስቃለች። ከወዲያም ይሳቃል። አውሬው ይበላል።

«ስንት ሚሩ ነው ያለው?» አላት አንድ ቀን ስልኩ ሲዘጋ።

«አራት። አንዷ ግን ገና አልተወለደችም።»

«ሳትወለድ እንዴት አራት ትሆናለች?»

«ተወው የኔ ጌታ፣ አንተን ራስ ምታት ነው የሚያስይዝህ» አለችውና ጀርባውን መታ መታ አድርጋ ሳህን አነሳች።

በክፋት አላለችውም። ቢሆንም ያቺ መታ መታ ሳምንት ሙሉ ጀርባው ላይ ቆየች። ሚስቱ እሱ የማያውቀው አገር አላት፤ አገሩ አራት ዓለም ሆኖ፣ በሩን የሚያውቀው ደግሞ ያ ከጥጥ የተሠራ ሰው ነው።

ሊያየው ሞከረ። ከፊልሙ አንዱን ክፍል ከፍቶ ተቀመጠ፤ ገና ሳይመቻች አንድ ሽማግሌ ሞተ። ቀጥሎ ያው ሽማግሌ ወጣት ሆኖ ለራሱ መቃብር አበባ አመጣ። «እንዴ!» አለ አውሬው ለቴሌቪዥኑ። ቀጥሎ ሁለት ሚሩዎች ተገናኝተው ተቃቀፉና ሦስተኛዋ ከጣሪያ አየቻቸው። «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አንዳችሁ እንኳ እቤታችሁ ተቀመጡ!» ብሎ ጮኸ። እጅ እግር የሌለው ነገር ነው። ጠዋት ባሕር ዳር ቆሞ የሚጮኸውን ጭራቅ ብቻ ለይቶ አወቀው፤ እሱ ራሱ ነበረና። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ፣ ያን የጻፈውን ሰው እርስ በርሱ የተቋጠረ የጫማ ክር ያጋጥመው ብሎ ረግሞት ተነሣ።

ቅናቱን የሚያፈስበት ቦታ ግን አላጣም። ባልዲው ነበረለት። ምስሉ ላይ ካዶ ብቻውን ሲቆም አውሬው እንደ ደንቡ ይጮኻል። ሚሩ ብቻዋን ስትቆም ዝቅ ያደርገዋል፤ ሚስቱ ናታ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲታዩ ግን፣ በተለይ ካዶ እጁን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ፣ ያ ጩኸት ከየት እንደሚመጣ እሱም አያውቅም። ከጉሮሮ አልፎ፣ ከሆድ አልፎ፣ ከወገብ በታች ተነሥቶ ይመጣል። ባልዲው ይንቀጠቀጣል።

«ግሩም!» ትለዋለች ዳይሬክተሯ በድምፅ ማጉያው። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?»

«ከምስሉ» ይልና አፉን ይጠርጋል።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዓመቱ አልቆ የመጨረሻው ክፍል ደረሰ። አውሬው የመጨረሻ ጩኸቱን ጮኾ፣ ባልዲውን አጥቦ ሲያበቃ ዳይሬክተሯ ሻይ ክፍል አገኘችው። እስክሪብቶ የማኘክ ልማድ ያላት፣ ስትቸኩል ጫፉን የምትውጥ የምትመስል ሴት ናት።

«ሰማህ? ቦርጉን ይናገራል።»

«ምን?»

«መጨረሻ ላይ። አንዲት ቃል። ከጩኸትህ በኋላ "ሚሩ" ብሎ ይጠራታል፤ እሷ ስትመልስለት ይሰምጣል።»

አውሬው ከወንበሩ ተነሣ። ያን ሁሉ ጊዜ ባልዲ ውስጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ ሰው ሊሆን ነው! ያውም ሚስቱ የምትጫወታትን ሚሩን ጠርቶ። እንዴት አድርጎ እንደሚላት ወዲያው አወቀው፤ ቀስ ብሎ፣ ከደረቱ፣ በድሮው የሬዲዮ ድምፁ። አገር የሚያስለቅስ አድርጎ።

«መቼ ልግባ?» አላት።

እስክሪብቶውን ከአፏ አወጣች። «አይ፣ አንተ አይደለህም። ዋናው የጃፓን ቅጂ ላይ ድምፁን በማሽን ጨፍልቀውታል፣ ማን እንደሆነ አይለይም፤ ሆን ብለው ነው። እኔ ግን ቦርጉን ካዶ ነው ብዬ ወስኛለሁ፤ የሦስተኛው ዓለም ካዶ አብጦ። ስለዚህ ቃሉን ለካዶ ተዋናይ ሰጠሁት። ባለፈው ሳምንት ከባለቤትህ ጋር ቀድተውታል። ቆንጆ ሆኗል!»

«ጩኸቱ የእኔ፣ ቃሉ የሱ?»

«ታሪኩ ነዋ።»

«ካዶ ከራሱ ጋር ነው እንዴ ዓመት ሙሉ ሲዋጋ የኖረው?»

«አዎ! ይሄ እኮ ነው ውበቱ» አለች ዓይኗ በርቶ።

የአውሬው ደም ፈላ። ሚስቱም አልነገረችውም፤ ወይም ራስ ምታት እንዳይዘው ብላ ትታው ይሆናል። «ቦርጉን ካዶ ካልሆነስ?» አለ ድንገት። ምን እንደሚል ሳያውቅ ነው ያለው።

ዳይሬክተሯ ሳቀች። ስለ አራቱ ዓለም ምንም እንደማያውቅ ታውቃለች። «ካዶ አለመሆኑን አሳምነኝ፤ ቃሉ ያንተ ነው። ዓርብ ግን ድምፁ ተደባልቆ ያልቃል።»

አውሬው ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ አማቱ ቤት ሄደ።

አማቱ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። «የጨው ግንብ»ን የጀመሩት የልጃቸውን ድምፅ ለመስማት ነበር፤ ከዚያ በራሳቸው ጊዜ ገብተው ሰጠሙ። በሚተላለፍበት ሰዓት ስልክ ቢደወል አያነሡም። አማችየው በሥራ ቀን በር ላይ ሲቆም አይተው ደነገጡ።

«ምነው? ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እማዬ። ስለ ቦርጉን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ፊታቸው በራ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስንት ጊዜ ሲጠብቁ እንደኖሩ ያስታውቃል። ሶፋው ላይ ያሉትን አራት ትራሶች አንሥተው ወለሉ ላይ ደረደሩ። «ና፣ ተቀመጥ። ይሄ አንደኛው ዓለም ነው። ይሄ ሁለተኛው። እግርህን አንሣ! ባሕሩ ላይ ነው የቆምከው።»

ከሰዓቱ አለቀ። አውሬው ባልዲ ውስጥ እንኳ እንዲህ አላበውም። አማቱ ዘመድ እንደሚያስቆጥር ሰው የካዶን አባት ከሚሩ አክስት፣ የሚሩን አክስት ገና ካልተወለደችው ሚሩ እያገናኙ ከትራስ ወደ ትራስ ሲዘሉ ዋሉ። እሱ መሃል ላይ ሁለቴ ተሳሳተ፤ ሁለቴም «አስተውል እንጂ!» ተባለ። የኋላ ኋላ ግን አንድ ነገር ገባው፤ ካዶ በሦስተኛው ዓለም ግንብ ተደርምሶበት የሞተው በሩ ከመከፈቱ በፊት ነው። በሩ ሳይከፈት የሞተ ሰው ሾልኮ ሊመጣ አይችልም።

«ታዲያ ቦርጉን ማን ነው እማዬ?»

«የሚሩ ባል ነዋ።»

«ሚሩ ባል አላት እንዴ!»

«ሁለተኛው ዓለም ላይ አላት እንጂ! ከጀርባው ብቻ ነው የሚታየው። መስኮት ሲጠግን ታየዋለህ፣ ጫማ ሲያስር ታየዋለህ፤ ፊቱን አያሳዩህም፣ አንድ ቃል አይናገርም። ሰው ልብ አይለውም። እሷን ፍለጋ በሩን አልፎ መጥቶ ነው ያበጠው፤ ምስኪን።»

አውሬው የሚይዘውን አጣ። ባል! ቃል የማይናገር፣ ሰው ልብ የማይለው ባል! አማቱን አቅፎ ሊስማቸው ምንም አልቀረው።

«ማስረጃ ግን ይጠይቁኛል።»

«ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ? ጩኸቱ ነዋ!» ሴትዮዋ ቴሌቪዥኑን ከፈቱና እየቆረጡ እየቀጠሉ አሰሙት። «ስማ፣ እዚህ ካዶ ብቻውን ነው። ተራ ጩኸት። እዚህ እሷ ብቻዋን ናት፤ ዝቅ አለ፣ አየህ? አሁን ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ አያቸው።»

ጩኸቱ ሳሎኑን ሞላው። አውሬው ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ከባል በቀር እንዲህ የሚጮህ የለም» አሉ አማቱ። «ያንተ ድምፅ መሆኑን ራሱ እረሳዋለሁ እኮ።»

ይህን ሲሉ ከመነጽራቸው በላይ አዩት ወይስ ሰዓቱን ነው ያዩት፣ እሱ አልለየውም። ያ ጩኸት ከታሪኩ እንዳልመጣ፣ ከቀረጻው ክፍል መስታወትና ከራት ስልክ እንደመጣ ሊነግራቸው ይችል ነበር። ማስረጃቸው ጭራቁ ሳይሆን አማቻቸው መሆኑን። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። አመስግኖ፣ ትራሶቹን ወደ ሶፋው መልሶ ወጣ፤ መንገድ ላይ እያፏጨ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የድምፅ መቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ ሁሉም ነበሩ። ዳይሬክተሯ፣ ድምፅ ቀጂው፣ ለስላሳው፣ ጥግ ላይ ወንበር ስባ የተቀመጠች ሚስቱ። አውሬው ያን የዳኛ ድምፁን አወጣ። ሦስተኛውን ዓለም፣ ግንቡን፣ በሩን፣ ከጀርባው የሚታየውን ባል፣ አንድ ሳያዛንፍ ዘረገፈው። ሚስቱ አፏን ከፍታ ነው የሰማችው። «አንተ! መቼ ነው ይሄን ሁሉ ያየኸው?» አለችው ደስ ብሏት። ፊቷ ላይ ያን ደስታ ካየ ቆይቷል። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ!

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶውን አኘከች። «የግንቡ ነገር አልታየኝም ነበር። ግን ባል ነው ለማለት አይበቃም።»

«እንግዲያው ጩኸቱን ስሚ» አለ አውሬው። ወደ ድምፅ ቀጂው ዞር ብሎ፣ «ካዶ ብቻውን ያለበትን፣ ሚሩ ብቻዋን ያለችበትን፣ ሁለቱ አብረው ያሉበትን፣ ለየብቻ ደርድርልኝ» አለው።

ተደረደረ። ተራው ጩኸት አለፈ። ዝቅ ያለው አለፈ። ከዚያ ያኛው መጣ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው፣ ሌላው ሲያልቅ ሌላው፣ ያለ ምስል፣ ያለ ባሕር፣ የዓመቱ ሁሉ በአንድ ላይ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው አየር ሁሉ ያለቀ መሰለ። ጩኸቱ ሲያልቅ ለስላሳው አጨበጨበ። «ይህን ሁሉ አስበህበት ነው እኮ! እኔ ዝም ብለህ የምትጮህ ነበር የሚመስለኝ። ከልቤ ነው፣ ቃሉ ለአንተ ይገባል» አለ፤ የምሩን ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት አለመቻልም ራሱን የቻለ መከራ ነው።

አውሬው ግን እሱን አላየም። ሚስቱን ነው ያየው። የመጀመሪያው ሲሰማ ፈገግ ብላ ነበር። ሁለተኛው ላይ ፈገግታው እንዳለ ነበር፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር ማስታወስ ጀመረ። ከዚያ እጆቿን ጭኖቿ መሃል አድርጋ ወለሉን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ባል ነው!» አለች ዳይሬክተሯ ጠረጴዛውን መትታ። «ዋናው ላይ ጩኸቱ ሁሉ የማሽን ነው፣ አንድ ዓይነት ነው፤ የእኛው ነው የተሻለው። ግባ፣ ቃሉ ያንተ ነው። የባለቤትህን መልስ ግን አልነካም፤ ከተቀዳው የተሻለ አይገኝም።»

አውሬው ያለ ባልዲ ገባ። ማዳመጫውን አደረገ። በጆሮው ውስጥ የራሱ የመጨረሻ ጩኸት መጣ፣ ረጅሙ፣ ባሕሩ ላይ እየሳሳ የሚያልቀው። ሲያልቅ አፉን ወደ ማይኩ አስጠግቶ «ሚሩ» አለ።

«ወዬ» አለችው ሚስቱ በማዳመጫው ውስጥ።

አውሬው ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫነ። ባለፈው ሳምንት የተቀዳ መልስ ነው፤ ያውቃል። ግን ሚስቱ «ወዬ» ካለችው ስንት ዘመኑ! ቤት ውስጥ ሲጠራት «ምን ፈለግህ?» ትላለች ከጓዳ፤ ወይም «መጣሁ» ትልና አትመጣም። ይህኛው ግን ገና ስሟ ሳያልቅ የተመለሰ፣ መጠራቱን ስትጠብቅ የኖረች ሴት መልስ ነበር። ያን ዕለት ከፊቷ ቆሞ ሚሩ ብሎ የጠራት ደግሞ ለስላሳው ነው። አሸንፎ የወሰደው ቃል አፉ ውስጥ መረረው።

«መልሱን ከእኔ ጋር ድጋሚ እንቅዳው» አለ።

«አያስፈልግም!» አለች ዳይሬክተሯ በማጉያው።

«አንድ ጊዜ። እባክሽ።»

ሚስቱ ገባች። ፊት ለፊቱ ቆመች፣ ማዳመጫዋን አደረገች። ጩኸቱ አለፈ። «ሚሩ» አላት። «ወዬ» አለች። ትክክል ነበር፣ ሰዓቱን የጠበቀ፣ የጠራ፤ ከአፏ ግን አላለፈም።

«እንደገና» አለች ዳይሬክተሯ።

«ሚሩ።»

«ወዬ።»

«ምን ሆንሽ? እንዲያ አልነበረም እኮ ያልሽው። እንደገና።»

ሚስቱ እጇን ዘርግታ ማይኩን በመዳፏ ሸፈነችው። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያዩት።

«ያን ቀን ጆሮዬ ውስጥ ማን እንደነበረ ታውቃለህ?» አለችው። «ቀጂውን፣ የሱን ድምፅ ዝጋልኝ፣ ከዚያ በፊት የተቀዳውን የባሌን ጩኸት ብቻ ክፈትልኝ አልኩት። ሰውየው ሲጠራኝ አፉን ነው ያየሁት እንጂ አልሰማሁትም። ላንተ ነው ወዬ ያልኩት።»

በአውሬው ፊት ላይ የበራው ደስታ ነበር። እጇን ሊይዝ ከማይኩ በላይ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን መዳፏን አላነሣችም።

«ናፍቆት መስሎኝ ነበር» አለች። «እቤት ዝም ትላለህ፣ ጠዋት እዚህ ገብተህ እንዲያ ትጮኻለህ፤ እኔ ደግሞ የሚጠራኝ እዚያ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ነው እል ነበር። ዓመት ሙሉ ለዚያ ጩኸት ነው የተጫወትኩት። ዛሬ ሲደረደር ግን ሰማሁት። እያንዳንዱን ቀን አወቅሁት። ይሄኛው ሰውየው በመኪናው ቤት ያደረሰኝ ለታ፣ ይሄኛው በስልክ የሳቅሁ ለታ። እየጠራኸኝ አልነበረም። እየከሰስከኝ ነበር።»

«እኔ እኮ...»

«ለክስ ወዬ አይባልም» አለችውና እጇን ከማይኩ ላይ አነሣች።

አንድ ጊዜ ደግማ ሞከረች፤ ሥራዋን የምታከብር ሴት ናት። ዳይሬክተሯ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «ተዉት። የድሮውን እናደርገዋለን» አለች። ሚስቱ ማዳመጫዋን መስቀያው ላይ ሰቅላ ወጣች። ለስላሳው በሩን ከፍቶ አሳለፋት።

አውሬው አልወጣም። ለድምፅ ቀጂው በመስታወቱ በኩል በጣቱ ምልክት ሰጠው፤ ቀጂውም የድሮውን ከፈተለት። ጩኸቱ መጣ። ከዚያ የራሱ ድምፅ «ሚሩ» አለ።

«ወዬ» አለችው።

አውሬው እንደገና እንዲከፍትለት ጠየቀው።